መጣሁ የሚለው ማሽን

ሩቲ ባጃጅ ውስጥ ስልክ ማንሳት የተወችው በጠመንጃው ምክንያት ነው። አንድ ጠዋት ጅማ ውስጥ ከሰፈሯ ከመንደራ ቆጪ ተሳፍራ ወደ ሥራ ስትሄድ ባልደረባዋ ለሚ ደወለላት። እሷም ሰው ይሰማኛል ሳትል፣ «ምነው፣ ጠመንጃው ዛሬም አልተኮሰም? ተወው፣ እንዳትነካው! እኔ ስደርስ ራሴ እተኩሳለሁ» አለችው። ባለባጃጁ በመስታወቱ አየት አደረጋትና ዳር ይዞ ቆመ። «እህቴ፣ ከዚህ በላይ መንገዱ ስለማይመች እዚሁ ውረጂልኝ» አላት። መንገዱ አስፋልት ነበር። የቀረውን በእግሯ ኳተነች።

ታዲያ ምን ታድርግ? ስሙን ያወጣችለት እሷ አይደለችም። ኤሌክትሮን የሚባሉትን፣ ዓይን የማያያቸውን ቅንጣቶች እየተፋ ወደፊት የሚወረውረው ዕቃ የትም አገር ቢሄዱ የኤሌክትሮን ጠመንጃ ነው የሚባለው። የሩቲ መሥሪያ ቤት በአጋሮ መንገድ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ድሮ የቡና መጋዘን የነበረ ቤት ነው፤ ግድግዳው እስከ ዛሬ ጀንፈል ጀንፈል፣ ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና ይሸታል። በወፍራም ግንብ ተከልሎ፣ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ የብረት ቱቦ አለ። በአንደኛው ጫፍ ጠመንጃው ተቀምጧል። ከእሱ የሚወጡት ኤሌክትሮኖች በቱቦው ውስጥ ፍጥነት እየጨመሩ ይበራሉ፤ መሃል ላይ ማግኔቶች መንገድ ያሲዟቸዋል፤ በወዲያኛው ጫፍ ደግሞ አንዲት ትንሽ ሰሌዳ አለች። ኤሌክትሮኖቹ በሰላም ደርሰው ሲመቷት አረንጓዴ ነጥብ ታበራለች። የቅንጣት ማፋጠኛ የሚሉት ይኼው ነው። የተተከለውም የቡና ዘር በዚያ ጨረር ተመትቶ በሽታ የሚችል ዝርያ ይወጣው እንደሆነ ለመሞከር ነው። ይወጣዋል አይወጣውም፣ እሱ ገና ነው። መጀመሪያ ነጥቧ ትብራ!

ነጥቧ ግን አልበራ ብላ ሰው አሳበደች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽኑ አንድ ማሽን ቢሆን ጥሩ ነበር፤ አይደለም። ጠመንጃው ከጃፓን በልገሳ የመጣ አሮጌ ነው፤ ከቱቦው ውስጥ አየር የሚመጥጡት ፓምፖች ጀርመኖች ናቸው፤ ማግኔቶቹን ኤሌክትሪክ የሚመግቧቸው ሣጥኖች ከጣሊያን፣ ሁሉንም በየተራው የሚቀሰቅሰው ካርድ ከቻይና። አንዱ የሚናገረውን ሌላው አይሰማም። አንዱ ቁጥር ይልካል፣ አንዱ ፊደል ይልካል፣ አንዱ ጭራሽ መብራት ብልጭ ከማድረግ በቀር አፍም የለው። እነዚህን ሁሉ አስማምቶ ከአንድ ኮምፒውተር ማዘዝ የሩቲ ሥራ ነበር። ሽቦውና ብረቱ ደግሞ የለሚ። ለሚ የአጋሮ ልጅ ነው፤ እጁ ወርቅ ነው፣ አፉ ግን ጤና የለውም፣ ሲናገር ሰው ያናድዳል።

ሩቲ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ አስተርጓሚ ፕሮግራም ጻፈችለት። አስተርጓሚው ዕቃው በራሱ ቋንቋ የሚለውን ይሰማና ለዋናው ኮምፒውተር በጋራ ቃል ይነግረዋል። የጋራ ቃላቱም አራት ብቻ ነበሩ፦ ተኛሁ፣ ተነሳሁ፣ መጣሁ፣ ታመምኩ። የማዕከሉ ኃላፊ ዶክተር ገበየሁ መጀመሪያ የስክሪኑን ጽሑፍ ሲያዩ መነጽራቸውን አውልቀው ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ብረት ደግሞ ‹ታመምኩ› ይላል እንዴ? ነገ ጸበል ውሰዱኝ ሊለን ነው?» አሏት። ቆየት ብለው ግን ወደዱት። ጠዋት ሲገቡ ከሰላምታም በፊት «ዛሬ የታመመ አለ?» ማለት ሆነ ሥራቸው። ለሚም ከጎኑ በኦሮምኛ ጨመረበት፤ ሠራተኛው ሁሉ፣ የጥበቃው ሸኩር ሳይቀር፣ ስክሪኑን አይቶ ማን ተኛ ማን ተነሳ ብሎ የሚያወራ ሆነ።

ሕጉ ቀላል ነው። ዋናው ኮምፒውተር ሁሉንም ይቀሰቅሳል። ፓምፑም፣ ማግኔቱም፣ ሌላውም «መጣሁ» ሲሉ ጠመንጃው እንዲተኩስ ያዛል። የሰው ደህንነት የሚጠብቀው መስመር ለብቻው ነው፤ የግንቡ በር ከተከፈተ ማንንም ቃል ሳይጠይቅ ኃይሉን ይቆርጣል። እሱ ላይ ቀልድ የለም።

እና ሁሉም «መጣሁ» ይላሉ። ጠመንጃው ይተኩሳል። ነጥቧ አትበራም። ጨረሩ መንገድ ስቶ ቱቦው ግድግዳ ላይ ይላተምና የማሽኑ መከላከያ ሁሉንም ወደ ዜሮ ይመልሳቸዋል፤ እንደገና ተኛሁ፣ ተነሳሁ፣ መጣሁ፣ ከዚያ ምንም። ደግሞ ጉድ የሚያሰኘው፣ ለሚ ኮምፒውተሩን ትቶ በእጁ አንድ በአንድ ሲያስነሳቸው ነጥቧ ቦግ ትላለች!

«ብረቱ ደህና ነው፤ ሶፍትዌርሽን እዪ» ይላታል ለሚ፣ ሻይውን ፉት እያለ።

«ሶፍትዌሩ ሁሉም መጥተዋል ነው የሚለኝ። ብረትህን እይ!»

«ብረት አይዋሽም።»

«ኮድም አይዋሽም!»

እንዲህ ሲባባሉ ይውላሉ። ሁለቱም ልክ ነበሩ ቢባል ያን ጊዜ ማን ያምናል?

ሩቲን የሚያንገበግባት ግን ንዴቱ አይደለም፤ ጥያቄው ነው። የት ገቡ? ኤሌክትሮኖቹ ከጠመንጃው ወጥተዋል፤ ሰሌዳዋ ጋ አልደረሱም። መሃል ላይ የት ጋ ነው የሚጠፉት? ለምንስ? ድሮም እንዲህ ናት። ልጅ ሆና ክረምት ላይ የሰፈራቸው ቦይ ውኃ የት እንደሚገባ ማወቅ አማራት። ቦዩን ተከትላ ስትሄድ፣ ስትሄድ፣ አዌቱ ወንዝ ዳር ደረሰች። አባቷ ጋሽ ሆሴዕ ከሰዓቱን ሙሉ ሲፈልጓት ውለው ጭቃ በጭቃ ሆና ሲያገኟት፣ ሊቆጧት አፋቸውን ሲከፍቱ፣ «አባዬ፣ አገኘሁት! ወንዝ ውስጥ ነው የሚገባው!» አለቻቸው። ቁጣው እዚያው ቀረ። አሁንም ያንን ቦይ እየተከተለች ነው፤ ወንዙ ግን አልተገኘም።

በዚህ ላይ ኮሚቴው አለ። ኢንጂነር አብነት የሚባሉ ሰው የሚመሩት ኮሚቴ ከአዲስ አበባ መጥቶ ማሽኑን በዓይኑ ሊያይ ነው። በእጅ እየተጎተተ የሚሠራ ማሽን ማሽን አይባልም ብለዋል፤ በኮምፒውተር ታዞ ነጥቧን ካላበራ ተፈታትቶ በሣጥን ታሽጎ አዲስ አበባ ይገባል። ሩቲም ከነማሽኑ፤ የላኩት ደብዳቤ እንዲያ ይላል።

ለሌላው ሰው አዲስ አበባ መዛወር ደስታ ነው። ለሩቲ ግን ጋሽ ሆሴዕ አሉ። እናቷ ካረፉ ወዲህ ሁለት ብቻ ናቸው። ጋሽ ሆሴዕ በወጣትነታቸው ከወላይታ መጥተው ጅማ ላይ ትዳር የያዙ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲያገለግሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ሚስታቸውን የቀበሩበትን ከተማ ጥለው የትም አይሄዱም። «አንቺ ሂጂ፤ እኔ ምን እሆናለሁ?» አሏት፣ ጎደሬ እየላጡ፣ ቀና ሳይሉ። ሩቲ ያን ቀን መኝታ ቤቷ ገብታ አለቀሰች። እሳቸው ግን ሰምተዋል፤ ሬድዮኑን ከፍ ያደረጉት ለዚያ ነው።

የአባትና ልጅ ጠባቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ሻይ። ወደ ማታ ላይ ይደውሉላታል።

«የት ደረስሽ?»

«ደረስኩ አባዬ፣ ደረስኩ!»

እሳቸውም አምነው ሻይውን ይጥዳሉ፣ ጎደሬውን ያወጣሉ፣ ሁለት ብርጭቆ ያስቀምጣሉ። እሷ ገና ወንበሯ ላይ ናት፤ «ይቺን ብቻ ልይ» እያለች። ስትደርስ ሻይው በርዶ፣ ጎደሬው ደርቆ፣ ጋሽ ሆሴዕ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ታገኛለች። በኋላ መረራቸው። «ከእንግዲህ ደረስኩ ብትዪኝ አልጥድም። በዓይኔ ሳይሽ እጥዳለሁ» አሏት። ሩቲ ሳቀችና ረሳችው።

ኮሚቴው የሚመጣበት ቀን ጠዋት ሩቲና ለሚ ሲሞክሩ፣ ሲሞክሩ፣ ተስፋ ወደ መቁረጡ ደርሰው ነበር። ዶክተር ገበየሁ ክራቫታቸውን እያሰሩ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ብቅ አሉ። ስልካቸው ጮኸ። አንስተው ሁለቴ «እሺ» አሉና ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ደርሰዋል» አሉ። «ኢንጂነር አብነት ናቸው። ደረስን አሉኝ።»

«አሁን? ገና ረፋዱ ነው እኮ!» አለች ሩቲ።

«ደረስን ነው ያሉኝ! አጥፉት፣ ዝጉት፣ ይኼን ሽቦ አንሱት! ለሚ፣ ያን ሸሚዝህን ቀይር! ሸኩር፣ በሩን ክፈት!»

ሸኩር በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ። ዶክተር ገበየሁ ፀሐይ ላይ ቆሙ፤ ሩቲና ለሚ ከኋላቸው። አንድ የቡና ከረጢት የጫነ አይሱዙ አለፈ። አንድ ባጃጅ አለፈ። ፍየሎች አለፉ። ኮሚቴ የሚባል ነገር የለም። ቆሙ፣ ቆሙ፣ የዶክተሩ ሸሚዝ ጀርባው ረጠበ። ሸኩር «ኢንሻአላህ ይመጣሉ» እያለ ያጽናናቸዋል። በመጨረሻ ዶክተር ገበየሁ ደወሉና ድምፁን ክፍት አድርገው ያዙት።

«ኢንጂነር፣ በር ላይ ሆነን እየጠበቅናችሁ ነው። የት ናችሁ?»

«ደረስን እኮ!» አለ ከወዲያ ደስ ያለው ድምፅ። ከጀርባው ሳህንና ሹካ ይንኳኳል። «አሰንዳቦ ነን፤ ቁርስ ቢጤ ቀማምሰን መጣን፣ መጣን!»

ለሚ ወደ ግንቡ ዞሮ ሳቁን ለቀቀው። አሰንዳቦ! አሰንዳቦና ጅማ ምን አገናኘው? ከእሱ ወዲህ ስንት ከተማ፣ ስንት ዳገት አለ! ዶክተር ገበየሁ «ወይ የሰው ነገር!» ብለው ክራቫታቸውን ፈቱት። ሩቲም መሳቅ ጀምራ ነበር። መሃል ላይ ሳቋ ቆመ።

«ምን አሉ?» አለች።

«አሰንዳቦ ናቸው አሉ» አለ ለሚ፣ ዓይኑን እየጠረገ።

«እሱን አይደለም። ምንድን ነው ያሉት? ቃሉን።»

«መጣን፣ መጣን።»

ሩቲ የለሚን ክንድ ጨብጣ ያዘችው። «ለሚ፣ የማግኔቱን ሣጥን የገጠምክ ቀን ታስታውሳለህ? አንተ ግንቡ ውስጥ፣ እኔ እዚህ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው በስልክ እየተጯጯህን?»

«ኤዬ፣ አስታውሳለሁ። የሣጥኑ መመሪያ መጽሐፍ በጣሊያንኛ ነበር፣ ግማሹም የለም።»

«ቢጫው መብራት ብልጭ ብልጭ ሲል ምን እያለ ነው ብዬ ጠየቅሁህ። ምን አልከኝ?»

«መጣሁ እያለ ነው አልኩሽ።»

«አረንጓዴውስ?»

«አረንጓዴው ያው መድረሱ ነው አልኩሽ። ምነው?»

«መጣሁ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ማሊ? ምን ማለትሽ ነው? መጣሁ ነዋ!» አለ ለሚ፣ ልጅቷ ጤና የላትም እንዴ በሚል ዓይን እያያት።

«ደርሷል ነው ወይስ እየመጣ ነው?»

ለሚ ወደ አጋሮ መንገድ አየ፣ ወደ ዶክተር ገበየሁ ስልክ አየ።

«እንግዲህ…» አለ በቀስታ፣ «እየመጣ ነው። ኃይሉ ወደ ማግኔቱ እየወጣ፣ እየወጣ… ገና ያልሞላ። ሲሞላ ነው አረንጓዴ የሚሆነው።»

«እኔ ሁለቱንም ‹መጣሁ› ብዬ ጽፌያቸዋለሁ!» ብላ ጮኸች ሩቲ። «ቢጫውንም! አረንጓዴውንም! ማግኔቱ አሰንዳቦ ሆኖ ቁርስ እየበላ ‹መጣሁ› ይላል፣ እኛ ደግሞ አምነን እንተኩሳለን!»

ዶክተር ገበየሁ ግራ ተጋብተው «ማን ነው አሰንዳቦ ያለው?» ሲሉ ሁለቱም ሮጠው ገብተዋል።

አሁን ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። ለሚ በእጁ ሲያስነሳ ለምን ይሠራ ነበር? ሻይ ስለሚጠጣ! አንዱን ቀስቅሶ ፉት፣ ሌላውን ቀስቅሶ ፉት ሲል ማግኔቱ ጊዜ አግኝቶ ይሞላለት ነበር። ኮምፒውተሩ ግን ሻይ አይጠጣም። «መጣሁ» በተባለ ቅጽበት ይተኩሳል፣ ያልሞላው ማግኔት ጨረሩን በቅጡ ሳያጥፈው ይቀራል፣ ኤሌክትሮኖቹም ግድግዳ ውስጥ ይገባሉ። ወንዙ ተገኘ! ሩቲ ወንበሯ ላይ እየተቁነጠነጠች ብቻዋን ትስቃለች። የማን ስህተት ይሉታል ይኼን? ለሚ ያለው ልክ ነው፤ ሩቲ የሰማችው ልክ ነው። ሲጠሩት ከመቀመጫው ሳይነሳ «መጣሁ!» የሚል ሕዝብ መሃል ተወልዶ ይኼን የማይሳሳት ማን አለ? ጣሊያኑ ሣጥን እንኳ ምንም አላጠፋም፤ እሱ ቢጫና አረንጓዴ ነው ያለው።

ሩቲ አምስተኛ ቃል ጨመረች። መንገድ ላይ ነኝ።

ከዚያም ለሚን ላከችው፤ ግንቡ ውስጥ ማንም አለመኖሩን አይቶ በሩን ቆልፎ መጣ። ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሁሉንም ቀሰቀሰቻቸው። ፓምፑ፦ መጣሁ። ካርዱ፦ መጣሁ። ማግኔቱ፦ መንገድ ላይ ነኝ።

ጠበቁ። ጠመንጃው ዝም ብሎ ይጠብቃል። ማግኔቱ አሁንም መንገድ ላይ ነው።

«ወይ ጉድ፣ ይኼን ያህል ይዘገይ ኖሯል?» አለ ለሚ።

«ዝም በል!»

ማግኔቱ፦ መጣሁ።

አረንጓዴዋ ነጥብ ቦግ አለች። እንዳለች ቀረች፤ አልጠፋችም። ለሚ ምንም ክፉ ነገር አልተናገረም፤ በሕይወቱ አንዴ። እጁን አፉ ላይ ጭኖ ያያል ብቻ። ሩቲ ትዘምር ወይ ታልቅስ አላወቀችም፤ ሁለቱንም ትንሽ ትንሽ አደረገች።

ኮሚቴው ሲደርስ፣ እውነተኛውን መድረስ ማለቴ ነው፣ ዶክተር ገበየሁ ክራቫታቸውን መልሰው አስረው ነበር። ኢንጂነር አብነት ወንበር ስበው ተቀመጡና ደግማችሁ አሳዩኝ አሉ። አሳየቻቸው። ሦስተኛ አሉ፤ አሳየቻቸው። ነጥቧ በየጊዜው ቦታዋ ላይ ናት። ከዚያ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አደረጉ።

«ይቺ ‹መንገድ ላይ ነኝ› የምትለዋን የትም አይቻት አላውቅም። ከየት አመጣሽው?»

ሩቲ ለሚን አየችው፤ ለሚ ጣሪያውን አየ። ዶክተር ገበየሁ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ከአሰንዳቦ ነው የመጣችው፣ ኢንጂነር» አሉ።

ሰውየው ነገሩ እስኪገባቸው ጊዜ ወሰደባቸው። ሲገባቸው ግን የሳቁትን ሳቅ ሸኩር በር ላይ ሆኖ ሰምቶታል። ቢሮ ገብተው ከሌሎቹ ጋር ተመካከሩ፣ ወጡ፣ የሩቲን እጅ ጨበጡ። «ማሽኑ እዚሁ ይቆያል። ይኼን ቋንቋ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ አዲስ አበባ ወስደን ከማን ጋር ይነጋገራል?» አሉ።

ሩቲ ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማችም። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። «ይቺን ብቻ ልይ» አላለችም። ባጃጁ ውስጥ ሆና ስልኳን ሁለቴ አወጣችው፣ ሁለቴ መለሰችው። ስልክ ላይ አልነግራቸውም አለች። ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቁ ነበር መንደራ ቆጪ ስትወርድ። የቤታቸው በር ጋ ደርሳ እጇ ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ ስልኩ ጮኸ። አባቷ ናቸው፤ የተለመደ ሰዓታቸው።

«ሄሎ፣ የት ደረስሽ?» አሉ። ስለ ኮሚቴው አልጠየቁም፤ ፈርተዋል፣ ድምፃቸው ያስታውቃል።

«ደረስኩ አባዬ።»

«እሺ፣ እሺ ልጄ። በርቺ፤ ሥራሽን ጨርሺ።»

«በር ላይ ነኝ እኮ! እውነቴን ነው!»

«ተይ እንግዲህ፣ ሽማግሌ አታሞኚ» አሉ፣ ሳይቆጡ።

ሩቲ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች በሌላው እጇ በሩን አንኳኳች።

«ቆዪማ» አሉ ጋሽ ሆሴዕ በስልኩ፤ ድምፃቸው ከቤት ውስጥም ይሰማል። «ሰው መጣ፣ በር ይንኳኳል። አንቺ እስክትደርሺ እንግዳውን ላስገባ፤ ዝጊው።»

ዘጉባት። የነጠላ ጫማቸው ድምፅ ጥርብ ድንጋዩን አልፎ መጣ፤ መወርወሪያው ተንሸራተተ፤ በሩ ተከፈተ። ስልካቸውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ እንደገና ስልካቸውን አዩ።

«ውይ!» አሉ። «ሻይ አልጣድኩም እኮ!»

«ጣደው አባዬ» አለች ሩቲ። «የትም አልሄድም።»

ጋሽ ሆሴዕ ወደ ምድጃው ሊዞሩ አንድ እግራቸውን አንስተው ነበር። እዚያው ላይ ገባቸው፤ በሩን በእጃቸው ያዙት፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ።